ከፀጉር የቀጠነ እውነት

እስቲ ዛሬ አንድ ጥያቄ ላንሳ። ማንም የማያየውን ስህተት ሠርቶ ዝም ያለ ሰው ጥፋተኛ ነው? ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር እንዲህ ያለውን ጥያቄ የምናነሳው ልብ ወለድ ይዘን ነበር። አሁን አሁን ግን ጥያቄው በየዕለቱ የሚነሳው በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የቶርኖ ክፍል ውስጥ ይመስለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሠልጣኙ የ25 ሚሊ ሜትር ሻፍት ይቆርጣል እንበል። የሥራ ሥዕሉ ላይ «ጂ6» የሚል ምልክት ካለ፣ የሻፍቱ ውፍረት ከ24.980 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ፣ ከ24.993 እንዳይበልጥ ታዟል ማለት ነው። የተፈቀደለት ልዩነት 0.013 ሚሊ ሜትር ብቻ! የአንድ ፀጉር ውፍረት 0.07 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው ካልን፣ ለልጁ የተፈቀደለት የፀጉር አንድ አምስተኛ ነው። እኛ «ለጥቂት» የምንለው እዚያ ቤት ብዙ ነው።

በዚያ ላይ ብረት ሲቆረጥ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ያብጣል። ይኸው ሻፍት ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ቢጨምር ውፍረቱ በ0.012 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል። በትኩሱ ሲለኩት ልክ የነበረው፣ ሲቀዘቅዝ ከወሰን በታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ልጁ ማይክሮሜትሩን ይዞ ብረቱ እስኪበርድ ይጠብቃል። ትዕግሥትን ያለ ስብከት መማር ማለት ይኸው ነው።

አሁን ሻፍቱ 24.970 ሆኖ ተገኘ እንበል። ቶርኖ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ሻፍቱ ግን ያብረቀርቃል፤ ለዓይን ይማርካል። ገዢው አይለካውም። ወፍጮ ቤት ይገጠማል፣ ይሽከረከራል፣ አንድ ቀን መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ያኔ ማን «አንተ ነህ» ይለዋል? ይጣለው ወይስ ይስጠው? «ዛሬ እኮ ማሽኑ በኮምፒውተር ነው የሚሠራው» የሚል አይጠፋም። ኮምፒውተሩ የታዘዘውን ይቆርጣል፤ መቁረጫው ሲያልቅ ግን ልኩ ይዛነፋል። «ይህ ይጣል» የሚለው ዛሬም ሰው ነው።

እኔ ባስተማርኩበት ክፍል ከመቶ 50 ያመጣ ድርሰት ያልፋል። ግማሹ ልክ የሆነ ሻፍት ግን ቁርጥራጭ ብረት ነው። ይሁንና ሙያው ፍጹም ሁኑ አይልም። ስህተት እንደሚኖር ያምናል፤ ወሰኑን ግን ሥራው ሳይጀመር ጽፎ ያስቀምጣል። ከተቆረጠ በኋላ ድርድር የለም። እኛስ? አስቀድመን እንከን የለሽ እንሆናለን ብለን እንምላለን፤ በኋላ ወሰኑን በጥፋታችን ልክ እናሰፋዋለን። «ምን አለበት፣ ይሠራል» እንላለን።

ይህን ሁሉ የምንጠብቀው ከማን ነው? አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነው። ስድቡ ግን መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ከ2012 ዓ.ም. በፊት፣ በ10ኛ ክፍል ፈተና መሰናዶ የሚያስገባ ውጤት ያላመጣው ልጅ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄድ ነበር። ሰፈሩ «ወደቀ» ይለው ነበር። ፈተናው ቀርቷል፤ ቃሉ ግን ዛሬም ከአፋችን አልወጣም። ወደቀ ያልነውን ልጅ፣ የፀጉር አንድ አምስተኛ ያህል እንኳ እንዳትስት እንለዋለን። አይገርምም?

ከዚህ የባሰም አለ። ሐቀኝነት ዋጋ አለው። ሻፍቱን የጣለ ልጅ ብረት አባክኗል፣ ጊዜ አቃጥሏል። ኮሌጁ «ሌላ ብረት የለም» ካለው፣ ነገ የሚቀጥረው ባለ ቶርኖ ቤትም ከደመወዙ ከቆረጠበት፣ እውነቱን የሚናገረው በገዛ ኪሱ ነው። ዝም ያለው ግን ይሸለማል። ስለዚህ ለጥያቄዬ መልሴ ይህ ነው፦ አዎ፣ ዝም ያለው ጥፋተኛ ነው። ነገር ግን እውነት መናገርን ለድሃ ልጅ ብቻ የምናስከፍለው እኛም ከወሰን ወጥተናል፤ ያውም በፀጉር ሳይሆን በክንድ።