ሐያሲና የሥጋ ፍላጎት

አንድ ደራሲ በልብ ወለዱ ውስጥ የሚገልጸው የወሲብ ፍላጎትና ምርጫ ለሂስ ሊቀርብ ይገባዋልን? ወይስ እንደ ምግብ ምርጫ ሰው የማይጠየቅበት የግል ጉዳይ ነው? ጥያቄው በተነሳ ቁጥር ሁለት ተቃራኒ መልሶች ፈጥነው ይሰማሉ። አንደኛው ወገን እንዲህ ያለውን ነገር መጻፍም ሆነ ማንበብ ነውር ስለሆነ በዝምታ ወይም በእገዳ መታለፍ አለበት ይላል። ሁለተኛው ደግሞ የሰው ልጅ ምኞት በሕግም በሂስም አይዳኝምና ሐያሲው እጁን ይሰብስብ ይላል። ሁለቱ ወገኖች የሚጣሉ ይምሰሉ እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሁለቱም ውይይቱን ይዘጉታል።

ነገሩን በተጨባጭ ምሳሌ መመልከት ይጠቅማል። እንግሊዛዊው ዲ. ኤች. ሎሬንስ የጻፈው «የሌዲ ቻተርሊ ፍቅረኛ» እ.ኤ.አ. በ1928 በፍሎረንስ ከተማ ከታተመ በኋላ፣ ሙሉው ቅጂ በደራሲው አገር ለ30 ዓመታት ያህል በይፋ ሊሸጥ አልቻለም። ፔንጉዊን የተባለው አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1960 ሊያወጣው ሲነሳ ለንደን ላይ ክስ ተመሠረተበት። ዐቃቤ ሕጉ፣ ሚስቶቻቸው ወይም አገልጋዮቻቸው ይህን መጽሐፍ እንዲያነቡት ይፈቅዱ እንደሆነ የሕዝብ ዳኞቹን ጠየቀ። ከ12ቱ ዳኞች መካከል 3ቱ ሴቶች ነበሩ። ጥያቄው ከመጽሐፉ ይልቅ የጠያቂውን የኑሮ ደረጃና አመለካከት አጋለጠ፤ አሳታሚውም በነጻ ተለቀቀ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ሁለተኛው ወገን ረታ በተባለ ነበር። ነገር ግን ከ10 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1970፣ አሜሪካዊቷ ኬት ሚሌት «ሴክሹዋል ፖለቲክስ» በተሰኘ መጽሐፏ የዚያኑ የሎሬንስን ሥራ ከሄንሪ ሚለርና ከኖርማን ሜይለር ድርሰቶች ጋር መረመረች። የነውሩን ነገር ትታ፣ በአልጋው ላይ ማን ያዛል? ማን ይታዘዛል? ሴቲቱስ የራሷ ፈቃድና ድምፅ አላትን? ስትል ጠየቀች። ፍቅር ተብሎ የቀረበው ነገር የወንድ የበላይነት ውዳሴ የሆነባቸውን ገጾች እየጠቀሰች አሳየች። በአንጻሩ፣ ጨዋ ነኝ ባይ አንባቢ ይበልጥ የሚሸሸውን የፈረንሳዊውን የዣን ዠኔን ሥራ፣ የገዥና የተገዥን ግንኙነት ገላልጦ በማሳየቱ አደነቀችው። ሜይለርም በዓመቱ በመጽሐፍ መለሰላት። ለዚህ ሙግት ማንም አልታሰረም፤ አንድም ቅጂ አልተወረሰም። ይሁንና ብዙ አንባቢ እነዚያን ገጾች ዳግመኛ በቀድሞው ዐይን ሊያያቸው አልቻለም። ችሎት የማይችለውን ሥራ ሂስ ሠራው።

ከዚህ በመነሳት የሐያሲውን ድንበር ማስመር ይቻላል። ምኞት ሳይጠሩት ይመጣል፤ ዐረፍተ ነገር ግን ይመረጣል፣ ይሰረዛል፣ ይታረማል፣ በመጨረሻም በፈቃድ ለአደባባይ ይበቃል። ስለዚህ ሂስ የሚቀርብበት ደራሲው በልቡ የሚመኘው ነገር ሳይሆን፣ በድርሰቱ ውስጥ ሌላውን ሰው ምን እንዳደረገው ነው። ከዚህም በላይ የገፀ ባሕርዩ ዐይን ከደራሲው ዐይን ሊለይ ይገባል። የናቦኮቭ «ሎሊታ» ተራኪ ሕፃን ልጅን የሚደፍር፣ አንደበቱ ግን የሚያማልል ሰው ነው። ደራሲውን ከዚህ ተራኪ ጋር አንድ ያደረገ ሐያሲ ተሳስቷል፤ በተራኪው አንደበት ተማርኮ ከቃላቱ በስተጀርባ የልጅቷን ልቅሶ ያልሰማ ደግሞ ይበልጥ ተሳስቷል።

በአገራችን ሥነ ጽሑፍም ጥያቄው እንግዳ አይደለም። መኃልየ መኃልይ የሥጋን ውበት በግልጽ ሲያወድስ፣ የአንድምታ መምህራን ከመሸሽ ይልቅ ምስጢሩን እየፈቱ አስተምረውታል። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ግን የውቤ በረሃን ሌሊት በግልጽ ቋንቋ በማቅረቡ ለብዙ ዓመታት ሳይታተም ቆየ። ከታተመም በኋላ ክርክሩ በአብዛኛው በቃላቱ ድፍረት ላይ ተንጠለጠለ። በዚያ ሌሊት የሚሠሩት ሴቶች በገዛ ራሳቸው ሰዎች ሆነው ቀርበዋልን? ወይስ ለወንዱ ጨዋታ ማድመቂያ ናቸው? ይህ ጥያቄ ለደራሲውም ክብር ነው፤ ሥራውን እንደ ሥነ ጽሑፍ ይመዝነዋልና። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ከልክሏል። ስለሆነም ቀድሞ በመርማሪው ጠረጴዛ ላይ የነበረው ኃላፊነት ወደ ሐያሲውና ወደ አንባቢው ተሸጋግሯል።

ሂሱ ግልጽ በሆነው ድርሰት ላይ ብቻ ካነጣጠረ ፍርደ ገምድል ይሆናል። የልጃገረድን ክብር በድንግልናዋ ብቻ የሚለካ፣ ሴተኛ አዳሪዋን በመጨረሻው ምዕራፍ የሚገድል ወይም የሚያመነኩስ፣ ገንዘቡን ከፍሎ የወጣውን ወንድ ግን ረስቶ የሚተው ጨዋ ልብ ወለድም የራሱ የወሲብ ምርጫ አለው። በጨዋ ቃል ስለተሸፈነ ብቻ ከጥያቄ ሊያመልጥ አይገባውም።

እርግጥ ነው፣ ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ሐሜት ከመጽሐፍ ይልቅ ፈጥኖ በሚራባበት ኅብረተሰብ ውስጥ የድርሰት ሂስ ወደ ሰው ሂስ ሊለወጥ ይችላል። በተለይ ሴት ደራሲ የሥጋን ፍላጎት ስትጽፍ ቀድሞ የሚቀርብላት ጥያቄ «ይህ በአንቺ ላይ ደርሷል ወይ?» የሚለው ነው። ወንዱ በምናቡ ሲመሰገን እርሷ በሕይወቷ ትመረመራለች። በዚህም ፍርሃት ሳይጻፍ የቀረው ምን ያህል እንደሆነ ማንም ሊቆጥረው አይችልም። ስለዚህ ሐያሲው ገጹን ይጥቀስ፤ ከድርሰቱ ተነስቶ የደራሲውን መኝታ ቤት አይበርብር፤ ቅጣትንም አይጥራ።

ደራሲው በነጻነት ይጻፍ። ሥራውን ለአደባባይ ካቀረበ በኋላ ግን፣ በገጾቹ ውስጥ ድምፅ ያጡት ሰዎች የት እንዳሉ ሲጠየቅ «ምርጫዬ ነው» ማለት መልስ አይሆነውም።