ክረምት ሳይገባ ቤታችንን እንመርምር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ዘመነ ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ቀን ሲሆን እስከ መስከረም 25 ቀን ይቆያል። በዚህ ወራት ካህናቱ ስለ ዝናሙ፣ ስለ ወንዞችና ስለ ምድር ፍሬ ይጸልያሉ፤ እኛም «አሜን» እንላለን። ይሁን እንጂ ዝናም እንዲመጣ የጸለየ ሰው ዝናሙን የሚቀበልበትን ቤት ማዘጋጀት ይገባዋል። ኖኅ መርከቡን የሠራው ውሃው ሳይመጣ ነው።

ለመሆኑ ለክረምት መዘጋጀት ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ጣራ ማስጠገን፣ ጃንጥላና ሹራብ መግዛት፣ በርበሬና ሽሮ ማስፈጨት ይመስለናል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን በኦሪት ዘዳግም 22፥8 የተጻፈው ሕግ ከዚህ የጠለቀ ነገር ያስተምረናል። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዛል፤ ሰው ከዚያ ወድቆ ቢሞት ደሙ በቤቱ ላይ ይሆናልና። እንግዲህ ልብ እንበል! እግዚአብሔር የሚጠይቀን ቤታችን ለእኛ መሞቁን ብቻ አይደለም፤ በቤታችን ምክንያት ሌላው እንዳይጎዳም ነው።

አንደኛ፤ የውሃ መውረጃችንን እንመልከት። ከተማችን ከሰሜን ወደ ደቡብ ታዘቀዝቃለች። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ሲያልፍ ቦሌ 2,300 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ከየካና ከኮተቤ ተዳፋት የሚወርደው ጎርፍ ወደ እኛ፣ ከእኛም ወደ ቡልቡላና ወደ አቃቂ ይሄዳል። በበራችን ያለውን ቦይ በፌስታልና በባዶ ሃይላንድ ብንደፍነው ውሃው ወደ ላይ አይመለስም፤ የሚገባው ከታች ወዳለው ጎረቤት ጭቃ ቤት ነው። ጎርፍ በሌሊት ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ ታይቷል፤ ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል። እንግዲህ ከአሸንዳው ቅጠሉን እናውጣ፣ የላላውን ቆርቆሮ በሚስማር እንምታ፣ ቦዩን እንጥረግ። የጠረግነውን ደለል ግን ዳር ላይ ከምረን አንተወው፤ የመጀመሪያው ዝናም መልሶ ያስገባዋል።

ሁለተኛ፤ ጓሮአችን። ጎመንና ቆስጣ ለመትከል መሬቱን አስቀድመን እንቆፍር፤ ውሃ እንዳይተኛበትም መደቡን ከፍ እናድርግ። የመጸዳጃ ጉድጓዳችንም ሳይሞላ ይመጠጥ። ጎርፉን ተገን አድርገው ፍሳሹን ወደ ወንዝ የሚለቁ ሰዎች አሉ። በአቃቂ ወንዝ ውሃ ግን አትክልት የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ፤ አትክልቱም ተመልሶ ወደ ገበያችን ይመጣል።

ሦስተኛ፤ ጤናችን። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) አዲስ አበባ ገብቶ ነበር። ውሃ አፍልቶ መጠጣት፣ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ አትክልትን በንጹሕ ውሃ አጥቦ አብስሎ መብላት ቀላል ነገር ቢመስልም ነፍስ ያድናል።

አራተኛውና ዋናው የከሰል ነገር ነው። በሰፈራችን በየቪላው በር በቆርቆሮ ጎጆ የሚያድር ዘበኛ አለ፤ በሰርቪስ ቤት የምታድር ሠራተኛም አለች። ብርዱ ሲጠና ከሰሉን አስገብተው በሩን ይዘጋሉ። ከሰል ጢሱ ቢጠፋም ፍሙ ሽታና ቀለም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ያወጣል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው ወዲያው ወደ ውጭ አየር ካልወጣ እንቅልፍ የወሰደው መስሎ ይሞታል። ታዲያ ይህ ሰው ቢሞት ደሙ በማን ቤት ላይ ነው?

«ከሰል አታስገባ» ብለን መሄድም አይበቃም። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ (2፥15-16) የታረዘውንና የተራበውን ሰው በቃል ብቻ ሙቅ፣ ጥገብ ብሎ ማሰናበት እንደማይጠቅም ያስተምረናል። ከሰሉን የከለከለ እጅ ብርድ ልብስ፣ ካፖርትና ሙቅ ሻይ ሊሰጥ ይገባዋል። የሚያፈሰው ጎጆም ይከደን፤ አየር የሚገባበት ይኑረው።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፥ ከእሑድ ጉባኤ በኋላ የአረጋውያንን ቤት እየዞርን እንጠይቅ፤ የማንን ጣራ፣ የማንን ቦይ መሥራት እንዳለብን እንመዝግብ። በሳምንቱ ውስጥ ደግሞ ዶማና አካፋ ይዘን እንውጣ። ከሰኔ 12 ቀን ከቅዱስ ሚካኤል በዓል በፊት እያንዳንዳችን ከራሳችን ቤት ሌላ አንድ ቤት እናዘጋጅ። ወላጆቻችንንም ስለ ዘበኛውና ስለ ሠራተኛዋ ብርድ ልብስ በአክብሮት እናሳስባቸው። እንዲህ ካደረግን በቅዳሴ «አሜን» ያልንበት ዝናም ለእኛም ለጎረቤታችንም በረከት ይሆናል።

አምላካችን ክረምቱን በሰላም አሳልፎ ለአዲሱ ዓመት ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።