የሚቀመጥ ጋቢ ለማን ይቀመጣል?

ብዙ ቤት ውስጥ የማይለበስ ልብስ አለ። «ለክብር ቀን» ተብሎ ሳጥን ገብቶ፣ የክብሩ ቀን ሳይመጣ ዓመታት ያልፋሉ። እኛ ቤት ያለው ጋቢ ነው። አያቴ ጥጡን ዳምጣ፣ ነድፋ፣ ባዘቶውን በእንዝርት ፈትላ፣ ሸማኔ ዘንድ ወስዳ ያሠራችው ነው። አያቴ አርፋለች። ከልጅ ልጆቿ መካከል እንዝርት ማሽከርከር የሚችል የለም። ስለዚህ ይሄ ጋቢ ካለቀ ሌላ አይመጣም።

ታላቅ እህቴ ይለበስ ባይ ናት። «እማማ የፈተለችው ሳጥን እንዲሞቀው ነው እንዴ?» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ይቀመጥ ባይ ነኝ። ሁለታችንም አያታችንን ስለምንወድ ማን ይበልጥ ወደዳት ብለን አንጣላም። የምንከራከረው ሰው በእጁ የሠራው ነገር፣ ሠሪው ሲያልፍ ምን ይገባዋል በሚለው ላይ ነው።

የእህቴ ክርክር ቀላል አይደለም። ጋቢ አራት ድርብ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ብርድ እንዲመክት ነው። ድሩ ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ክር ቢሆንም ማጉ የእጅ ፈትል ነው። ያንን ሁሉ ልቃቂት ለመሙላት ሴትየዋ ቡና እስኪፈላ፣ ጎረቤት እያጫወተቻት፣ ማታ ሥራ ሲያልቅ፣ ወራት ፈትላለች። የዚያ ሁሉ ጊዜ ዓላማ አንድ ነበር፤ አንድ ሰው እንዳይበርደው። ጋቢውን ከሰው ትከሻ መከልከል የእሷን ሐሳብ መሻር አይሆንም?

የእኔም ክርክር ግን አለው። ጥጥ በታጠበ ቁጥር ይሳሳል፣ ፀሐይ በመታው ቁጥር ይደክማል። የተጎዳ ክር ደግሞ እንደ ቁስል አይድንም። ዛሬ እኛ ለብሰን ከጨረስነው ገና ያልተወለደው ልጅ ምን ይደርሰዋል? እሱም እኮ የልጅ ልጇ ልጅ ነው።

አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የሚባል ገጠር አለ። እዚያ የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ከአሮጌ የሥራ ልብስ ቁራጭ እየገጣጠሙ ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር፤ ቤታቸው ቀዝቃዛ፣ ኑሯቸው ድሃ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2002 እነዚያ ብርድ ልብሶች በሂዩስተን፣ ከዚያም በኒው ዮርክ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። ሙዚየም ለእንዲህ ዓይነት ጨርቅ የሚፈቅደው ብርሃን 50 ሉክስ ገደማ ነው፤ ደብዛዛ ክፍል ማለት ነው። ስለዚህ ይቆያሉ። ግን ማንም ከሥራቸው አይተኛም። ይህን ሳስብ ለእኔም ለእህቴም መፍረድ ያቅተኛል። ለእንቅልፍ ባይሰፉ እንደዚያ አያምሩም ነበር፤ አንድ ሰው መጠቀሙን ባያቆም ደግሞ እኛ አናያቸውም ነበር።

ነገሩን ትንሽ ያቀለለልኝ ፍልስፍና ሳይሆን የአቀማመጥ ሙያው ነው። በእጅ የተሠራ የጥጥ ልብስ እንዴት ይቀመጣል? መጀመሪያ ይታጠባል፤ ዓይን የማያየው የወጥና የላብ እድፍ ውሎ አድሮ ቢጫ ይሆናል፣ ነፍሳትም ይጠራል። ከዚያ እርጥበት እስኪጠፋ ድረስ ይደርቃል። ፌስታል ውስጥ አይታሰርም፤ የታፈነ እርጥበት ሻጋታ ያመጣል። እንጨት ላይም ራቁቱን አይቀመጥም፤ ከእንጨቱ የሚወጣው አሲድ ጨርቁን ስለሚያቢጨው በታጠበ ነጭ አንሶላ ይጠቀለላል። ናፍታሊንም አያስፈልገውም፤ ብል የሚበላው ሱፍና ሐር ነው፤ ሽታውም ለሰው አይበጅም።

የመጨረሻው ምክር ግን ቆም አድርጎ አሳሰበኝ። ልብስ ለዓመታት በአንድ መስመር ታጥፎ ከቆየ ክሩ እጥፋቱ ላይ ይሰበራል። ማንም ሳይነካው፣ ሳጥን ውስጥ ተኝቶ፣ በራሱ እጥፋት ይቀደዳል። መድኃኒቱ በየጥቂት ወሩ አውጥቶ መዘርጋት፣ ጥላ ውስጥ ማናፈስ፣ በሌላ መስመር ማጠፍ፣ እጥፋቱ ውስጥም ለስላሳ ጨርቅ ጠቅልሎ ማስገባት ነው።

ማለትም ቆልፎ መርሳት ማስቀመጥ አይባልም። በደንብ የሚቀመጥ ጋቢ እጅ ይፈልጋል። በደንብ የሚለበስ ጋቢም እንደዚያው፤ እድፉን ቶሎ የሚያይ፣ ጠርዙ ሲፈታ የሚሰፋ ሰው ይፈልጋል። እኔና እህቴ «ይለበስ»፣ «ይቀመጥ» ስንባባል የረሳነው ጥያቄ ይሄ ይመስለኛል፦ ማን ነው የሚንከባከበው? ለሟች ያለን ግዴታ ዕቃዋን ከጊዜ ማዳን አይደለም፤ ያንን ማንም አይችልም። የለፋችበትን ነገር ባለቤት አልባ አለማድረግ ግን እንችላለን።

ስለዚህ አሁን የምደግፈው እንዲህ ነው። ጋቢው ይለበስ፤ ግን ለሁሉም ጠዋት አይደለም። ቤታችን አራስ ስትኖር፣ ሰው ሲታመም፣ ሐዘን ሲደርስብን ይውጣ። ከዚያ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በአዲስ መስመር ታጥፎ ይመለስ። በመሃል ባሉት ወራትም ማንም ባይለብሰው በየተራ እናናፍሰው። እህቴ ይሄም በዛብኝ ትላለች፤ «ብርድ ቀጠሮ አይዝም» ባይ ናት። እውነቷን ነው። በዚህ መንገድም ቢሆን አንድ ቀን ያልቃል። ያኔ ለልጆቻችን የምንሰጠው የሳሳ ጋቢና ማን መቼ እንደለበሰው የሚናገር ወሬ ይሆናል። ሳይነካ ከቆየ አዲስ ጋቢ ይልቅ ይሄን ቢወርሱ ደስ ይለኛል።

እናንተ ቤትስ? ሳጥኑ መጨረሻ የተከፈተው መቼ ነው?