የቆየ ድምፅን ስለ ማደስ

ካናዳዊው የፒያኖ ተጫዋች ግሌን ጉልድ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955 በኒውዮርክ የባኽን «ጎልድበርግ ቫርየሽንስ» ሲያስቀርጽ ዕድሜው 22 ዓመት ነበረ። ሲጫወት የማንጎራጎር ልማድ ስለ ነበረው ድምፁ ከፒያኖው ጋር አብሮ ተቀረጸ። እርሱ በ1982 ሞተ፤ ሸክላውን ግን ባለሙያዎች ድምፁን እያጠሩ ደጋግመው አሳትመውታል።

እንግዲህ የሞተ ሰው ሥራ ሲታደስ ምኑ ሊወገድ፥ ምኑስ ሊቀር ይገባል? ይህ የመሣሪያ ብቻ ሳይሆን የሕሊናም ጥያቄ ነው። የቴፑን ሽውታና የሸክላውን ጭረት ማጥራት መልካም ነው፤ የዕቃው ጉድፍ ነውና። ይሁን እንጂ ሽውታውን ከመጠን አልፎ የሚያጠፋ ሰው፥ ከእንክርዳዱ ጋር ስንዴውን እንደሚነቅል ገበሬ፥ የፒያኖውንም ረቂቅ ድምፅ አብሮ ያጠፋል።

ማንጎራጎሩስ? ጆሮን ያውካል የሚል አይጠፋም፤ እውነትም ያውካል። ነገር ግን ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ሸክላው ከነማንጎራጎሩ ለሕዝብ እንዲወጣ ፈቅዷል። ዛሬ መልስ ሊሰጥ በማይችልበት ጊዜ እናርምህ ማለት አደራ መብላት ነው።

ወጣቶች ሆይ፥ ከቀደሙት ሰዎች የምትቀበሉት መጽሐፍም ሆነ ታሪክ እንዲሁ ነው። አቧራውን አራግፉ፤ መልኩን ግን አትለውጡ።