ተመራጭ ቃሉን ቢያለዝብ ሐሰተኛ ነውን?

ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣ ሰው ተራራውን ፊት ለፊት አይገጥመውም፤ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ባለፈው እሑድ ስንወጣ የተነሣብን ክርክር ግን ስለ ሌላ ጥምዝምዝ ነበር፤ ይኸውም ለምርጫ የሚወዳደር ሰው ድምፅ ለማግኘት ብሎ አቋሙን ስለ ማለዘቡ ነው።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ ነገሩ ከሩቅ የመጣ አልነበረም። በተማሪዎች ምርጫ ከመካከላችን አንዱን አቅርበን ነበር፤ ንግግሩን የጻፍንለትም እኛው ነን። በአንዱ የመኝታ ሕንፃ «የግቢው በር የሚዘጋበት ሰዓት ይራዘም»፣ በሌላው «ሰዓቱ ባለበት ይጽና» አስባልነው። ተመረጠ፤ አጨበጨብን።

ለመሆኑ ሰው ለምን ያለዝባል? አንቶኒ ዳውንስ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሁለት ፓርቲዎች ሲፎካከሩ ሁለቱም ወደ መካከለኛው መራጭ ሊጠጉ እንደሚችሉ አስረድቷል። በዚያው ዓመት በአገራችን የመጀመሪያው የፓርላማ ምርጫ ተደረገ፤ ፓርቲ ግን አልነበረም፤ እያንዳንዱ በስሙ ብቻ ቀረበ። ዛሬ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት በምርጫ ክልሉ ከሌሎቹ ብልጫ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት ግዴታው አይደለም። አራት ሰዎች ቢወዳደሩ ከመቶ 30 ሊበቃ ይችላል። ስለዚህ የቀሩትን 70 ማስቀየም የሚያዋጣበት ጊዜ አለ፤ መለዘብ ሁልጊዜ ትርፍ አይደለም።

ከዚሁ ከላስታ አካባቢ የወጡትን አቶ ልደቱ አያሌውን እንመልከት። በ1997ቱ ምርጫ ከቅንጅት መሪዎች አንዱ ነበሩ። ከምርጫው በኋላ ሌሎች መሪዎች ፓርላማ አንገባም ሲሉ እርሳቸው ገቡ፤ «ሦስተኛ አማራጭ» የሚሉትንም አካሄድ ሲያስረዱ ቆዩ። ትናንት ያጨበጨበላቸው ሰው ሁሉ ባይሆንም ብዙው ከሃዲ አላቸው። በ2002ቱ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን ሲይዙ ፓርቲያቸው ኢዴፓ አንድም አላገኘም። ልክ ነበሩ ወይስ አልነበሩም በሚለው እኛም መንገዱን ሙሉ ተጨቃጭቀን አልተስማማንም። ይሁን እንጂ መካከለኛነታቸው ለድምፅ ሲባል የተያዘ ነው ማለት ይከብዳል፤ ድምፅ አሳጣቸው እንጂ።

ከመካከላችን አንዷ «ሕዝብ የማይወደውን ይዞ ችክ ማለትስ ትዕቢት አይደለምን?» አለች። እውነት አላት። ሰምቶ ሐሳቡን የለወጠ፣ መለወጡንም ለሁሉ በአንድ ቃል የተናገረ ተመራጭ ማንን አታለለ? የእኛ ግን እንዲህ አልነበረም። ያለዘብነው ሐሳብ አልነበረንም፤ ለእያንዳንዱ ሕንፃ የሚወደውን ሰጠን። መራጩ ምን እንደ መረጠ እስከ ዛሬ አያውቅም።

የተመረጠው ወንድማችን አብሮን ሲወጣ ዝም ብሎ ይሰማ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ስንደርስ «ሁለቱን ሕንፃዎች በአንድ አዳራሽ ሰብስቤ ስለ በሩ እውነቱን እናገራለሁ፤ ጽሑፉን የጻፋችሁት ግን አጠገቤ ትቆማላችሁ?» አለን። ሦስታችን እሺ አልን። የቀረነው ገና እያሰብን ነው።