ቀን የተቆረጠለት ምስጋና

በካሪቢያን ባሕር የሚገኙት የአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች በየዓመቱ ሁለት ቀን ለአውሎ ነፋስ ለይተዋል። የመጀመሪያው የምልጃ ቀን ነው፤ በጁላይ ወር አራተኛ ሰኞ ይውላል። ሁለተኛው የምስጋና ቀን ሲሆን በኦክቶበር ይከበራል። ልማዱ ደሴቶቹ በዴንማርክ ሥር ከነበሩበት ዘመን የወረደ ነው፤ ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ1917 ለአሜሪካ ከሸጠቻቸው በኋላም አልቀረም። የአትላንቲክ የአውሎ ነፋስ ወቅት በይፋ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ስለሚዘልቅ፣ ምስጋናው የሚቀርበው ወቅቱ ገና ሳይዘጋ ነው። ከዚህ ይልቅ ልብ የሚባለው ግን ምስጋናው ቀን የተቆረጠለት መሆኑ ነው። ደሴቶቹ ቢተርፉም ቢመቱም ቀኑ ይደርሳል።

ይህ ልማድ አማኞችን ሲያስጨንቅ የኖረ ጥያቄ ይነካል። ሃሪኬን፣ ማለትም ነፋሱ በሰዓት 119 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚደርስ ማዕበል፣ መንገዱን ጥቂት ሲያጥፍ አንዱን ከተማ ይተውና ሌላውን ይመታል። «ከእኛ መልስልን» የሚል ጸሎት፣ የሚጸልየው ሰው ባያስበውም፣ ጎረቤትን ሊነካ ይችላል። ከመትረፍ በኋላ የሚቀርበው ምስጋናም ከዚህ ችግር አያመልጥም። «እንኳን እግዚአብሔር አተረፋችሁ» መልካም ቃል ነው፤ ልጇን የቀበረች እናት እየሰማች ሲነገር ግን ይከብዳል። ችግሩ ያለው በምስጋናው ላይ ሳይሆን ምስጋናው ማብራሪያ ልሁን ሲል ነው። የተረፈው ለምን እንደ ተረፈ አውቃለሁ ካለ፣ የሞተው ለምን እንደ ሞተም ሳይናገር ተናግሯል።

መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ ያለውን ማብራሪያ ደጋግሞ ይዘጋል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎች ከሌሎቹ የኢየሩሳሌም ነዋሪዎች ይልቅ በደለኞች ነበሩ ወይ ሲል ክርስቶስ ራሱ ይጠይቅና አልነበሩም ብሎ ነገሩን በሕይወት ወዳሉት ንስሐ ይመልሰዋል። መጽሐፈ ኢዮብ ደግሞ ከነፋስ ጋር የተለየ ቁርኝት አለው። የኢዮብን ልጆች የገደላቸው ከምድረ በዳ መጥቶ ቤቱን የጣለባቸው ታላቅ ነፋስ ነው፤ በመጨረሻም እግዚአብሔር ለኢዮብ የሚናገረው ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ ሆኖ ነው። በሁለቱ ነፋሶች መካከል ወዳጆቹ ምክንያት ሲደረድሩ ይቆያሉ፤ እግዚአብሔር የሚቆጣውም በእነርሱ ላይ ነው። ኢዮብ ግን ፈጣሪውን የባረከው መርዶው በደረሰበት በዚያው ቀን፣ ምንም ምክንያት ሳይነገረው ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጸሎተ አኮቴትም ምእመናን ከሚያመሰግኑበት ነገር አንዱ እስከዚህች ሰዓት መድረሳቸው ነው።

ከማዕበሉ በፊት ያለው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ቤት ውስጥ ሆኖ መጠበቅ እምነት ነው ወይስ ድፍረት? በፍሎሪዳና በቴክሳስ ዳርቻ የሚኖር ሰው መኪናውን አስነሥቶ ወደ መሀል አገር መሸሽ ይችላል፤ ለደሴት ሰው ግን የሚወጣበት አውራ ጎዳና የለም። እርሱ ቤቱ የሚቆየው አማራጭ ስላጣ ነው። የአደጋ ባለሙያዎች ምክር ግልጽ ነው፦ ከነፋስ መጠለል ይቻላል፣ ከውኃ ግን መሸሽ ያስፈልጋል። ነፋሱ ባሕሩን ገፍቶ ወደ የብስ የሚያስገባው ውኃ ከነፋሱ የከፋ ገዳይ ነው። በከፍታ ላይ ባለ ጽኑ ቤት ውስጥ መስኮት ዘግቶ መጸለይና ውጡ በተባለበት ዝቅተኛ ዳርቻ ቁጭ ብሎ መጸለይ ስለዚህ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 በመቅደሱ ጫፍ ላይ «ራስህን ወደ ታች ወርውር» ተብሎ ወደ ቀረበው ፈተና ይጠጋል። በእስልምናም ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ወይ ላለው ሰው ነቢዩ ሙሐመድ መጀመሪያ እሰራት፣ ከዚያ ተመካ ማለታቸው በሐዲስ ተዘግቧል። በቨርጂን ደሴቶች የዚህ ማሰር ምልክት በየቤቱ ሥር ያለው የውኃ ማጠራቀሚያ ነው፤ የዝናቡ ውኃ የሚወርደው ከጣሪያው ላይ ነው። ጣሪያው ሲሄድ መጠለያም የውኃ መቅጃም አብሮ ይሄዳል።

የማዕበሉ ሌሊት ራሱ ለምስጋና ወጥመድ አለው። የማዕበሉ ዓይን በላይ ሲያልፍ ነፋሱ ድንገት ጸጥ ይላል፤ አንዳንዴም ከዋክብት ይታያሉ። ተመስገን አለፈ ብሎ በር የከፈተ ሰው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነፋሱ ከተቃራኒው አቅጣጫ ሲመለስ ውጭ ያገኘዋል። ኒው ኦርሊንስ በኦገስት 29 ቀን 2005 ያጋጠማት ከዚህ ብዙም አይርቅም። የሃሪኬን ካትሪና እምብርት በከተማዋ ምሥራቅ በኩል ስላለፈ ከክፉው ተረፍን ያሉ ነበሩ፤ የጎርፍ መከላከያ ግንቦቹ ግን ተደርምሰው ከከተማዋ 80 በመቶ ያህሉ በውኃ ተዋጠ። ጥፋቱ በአመዛኙ የመሐንዲስ ሥራ ጉድለት ነበር። ለሰው ስንፍና የእግዚአብሔርን ስም መስጠት ደግሞ ከድፍረት አይተናነስም።

ከሁሉም የሚከብደው የጋልቬስተን ታሪክ ነው። በሴፕቴምበር 8 ቀን 1900 በዚህች የቴክሳስ ደሴት ላይ የወረደው ማዕበል ከ6 ሺህ እስከ 12 ሺህ የሚገመት ሰው ፈጅቷል። በባሕሩ ዳር በነበረው የቅድስት ማርያም የሙት ልጆች ማሳደጊያ ውኃው ሲገባ፣ መነኮሳቱ ልጆቹን በልብስ ማስጫ ገመድ ከራሳቸው ጋር አሰሩ፣ እንዳይሸበሩም የማርያምን መዝሙር አዘመሯቸው። 10 መነኮሳትና 90 ልጆች ሞቱ፤ 3 ወንዶች ልጆች ዛፍ ላይ ተንጠልጥለው ተረፉ። እነዚያ መነኮሳት የነበሩበት ማኅበር አባላት ያንኑ መዝሙር በየዓመቱ ሴፕቴምበር 8 ይዘምሩታል። ጸሎቱ ተሰማ ወይስ አልተሰማም ለሚለው መልስ አይሰጡም፤ ቀኑ ሲደርስ ይዘምራሉ።

በቨርጂን ደሴቶች ቀን የተቆረጠለት ምስጋና እ.ኤ.አ. በ2017 ተፈተነ። በሴፕቴምበር 6 ሃሪኬን ኢርማ ከደሴቶቹ ሴንት ቶማስንና ሴንት ጆንን መታች፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሃሪኬን ማሪያ ከሴንት ክሮይ በስተደቡብ አልፋ ያችን ደሴት ጎዳች። በጁላይ እንዳይመጣ የተለመነው መዓት ከነእጥፉ መጥቶ ነበር። የኦክቶበሩ የምስጋና ቀን ሲደርስ ከቤቶቹ አብዛኞቹ መብራት አልነበራቸውም፣ ብዙ ጣሪያም ገና በሰማያዊ ሸራ ተሸፍኖ ነበር።