ከሩጫው በፊት የሚሰጥ ፍርድ

ትልቅ ውድድር ሲቃረብ አገሩ ሁሉ አሠልጣኝ ይሆናል። ኦሊምፒክ ወይም የዓለም ሻምፒዮና ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት እዚህ አምባ ጊዮርጊስም ቡና ላይ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ አንዳንዴም ከመዘምራን ልምምድ በኋላ ወጣቶች የሚከራከሩት ስለ አንድ ነገር ነው። ማን ይመረጥ? ማን ያሸንፋል? ማንስ አበቃለት? ክርክሩ ይጣፍጣል፤ በራሱም ክፉ አይደለም። የሰውን ድካም የሚያከብር ሰው የተሮጠውን ሰዓትና የተገኘውን ውጤት ማወቁ ደግ ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ገና ስላልሮጠ ሰው “አይችልም” ስንል እየመዘንን ነው ወይስ እየፈረድን?

የ2016 ዓ.ም. ክረምትን እናስታውስ። ለፓሪስ ኦሊምፒክ የወንዶች ማራቶን ኢትዮጵያ የነበሯት ሦስት ቦታዎች ሲሆኑ፣ የተመረጡት ሲሳይ ለማ፣ ዴሬሳ ገለታና ቀነኒሳ በቀለ ነበሩ። ሦስቱም በሥራቸው የተመሰከረላቸው ናቸው። ሲሳይ በኅዳር ወር ቫሌንሺያን በ2:01:48፣ በሚያዝያ ደግሞ ቦስተንን አሸንፏል። ዴሬሳ በየካቲት ሴቪያን በ2:03:27 አሸንፏል። ቀነኒሳ በ41 ዓመቱ ለንደን ላይ በ2:04:15 ሁለተኛ ወጥቷል። ክርክሩ የጋለው በእሱ ላይ ነበር። አንዱ ወገን ሦስቱን የኦሊምፒክ ወርቆች ሲቆጥር፣ ሌላው ዕድሜውን ይቆጥር ነበር። ታምራት ቶላ ግን ተጠባባቂ ነበር። በ2014 ዓ.ም. በዩጂን የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ በጥቅምት 2016 ደግሞ ኒውዮርክን በቦታው ክብረ ወሰን፣ በ2:04:58 አሸንፏል። ሆኖም ከሦስቱ አንዱ ስላልነበር ከክርክሩ ዳር ቀረ።

ውድድሩ ሲቃረብ ሲሳይ በጉዳት ምክንያት ራሱን አገለለና ታምራት ተተካ። ነሐሴ 4 ቀን ጠዋት ከፓሪስ ተነሥቶ ወደ ቬርሳይ የሚደርሰውና የሚመለሰው ያ ዳገታም መንገድ ብዙዎችን ፈተነ። ሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን የነበረው ኬንያዊው ኤሉድ ኪፕቾጌ አቋረጠ። ታምራት ግን በ2:06:26 አዲስ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አስመዝግቦ ገባ። ገዛኸኝ አበራ በ1993 ዓ.ም. መስከረም ሲድኒ ላይ ካሸነፈ ወዲህ በኦሊምፒክ የወንዶች ማራቶን ለኢትዮጵያ የተገኘ የመጀመሪያው ወርቅ ነበር። ዴሬሳ አምስተኛ ወጣ። ቀነኒሳ 39ኛ ሆኖ ጨረሰ።

ከዚህ ታሪክ “ያልተገመተው ሁልጊዜ ያሸንፋል” የሚል ትምህርት ብናወጣ እንሳሳታለን። ተጠባባቂ ብዙ ጊዜ ተጠባባቂ ሆኖ ይቀራል። እንዲያውም “ቀነኒሳ አያሸንፍም” ያሉት ልክ ነበሩ። ነገሩ የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። ግምታቸው ልክ ስለሆነ ብቻ ስለ ሰውየው የተናገሩት ሁሉ መልካም ነበር ማለት ነውን? “ዕድሜው ገፍቷል፤ በዚህ ዳገት ላይ ይከብደዋል” ያለ ሰው ሩጫውን መዝኗል። “አያፍርም? ቤቱ አይቀመጥም?” ያለ ግን ሰውየው ላይ ፈርዷል። ውድድሩ ሲያልቅ ሁለቱም “አላልኩም?” ሊሉ ይችላሉ፤ ያደረጉት ነገር ግን አንድ አይደለም። ሁለተኛው ሰው በ42 ዓመቱ 42 ኪሎ ሜትሩን ሳያቋርጥ የጨረሰውን አትሌት ሊያይ አልቻለም። ያየው የራሱን ግምት መሳካት ብቻ ነው። የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል የሚባለው ለዚህ ነው፤ አንዳንዱ ምሣር ደግሞ ዛፉ ሳይወድቅ ጀምሮ የተሳለ ነው።

በነሐሴ ወር ወገራ ላይ ቆሞ “ነገ ይዘንባል” የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ልክ ይሆናል። ቢሳሳትም ማንም አይጎዳም፤ ዝናብ ጆሮ የለውምና። ሰው ግን ይሰማል። ስለ ሰው የምንናገረው ግምት ከአፋችን ወጥቶ ወደ ሰውየው ሕይወት ይገባል፤ የሚሠራውን ሊያጸና ወይም ሊያላላ ይችላል። ስለዚህ ስለ ሰው መገመትና ስለ ዝናብ መገመት እኩል ነፃነት የለውም።

“አትሌቶቹ እኛን የት ይሰሙናል?” የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ እዚህ የምንለው ቃል ፓሪስ አይደርስም። አጠገባችን ያለው ግን ይሰማል። አንደበታችን በሩቅ ሰው ላይ የለመደውን በቅርብ ሰው ላይ ይደግመዋልና። “እሱ አበቃለት” ማለትን በሯጭ ላይ የተለማመደ ልጅ ሰኔ ሲመጣ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጓደኛው ላይ ይለዋል። በ2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለ ዘመን ለማንኛውም ተማሪ “አታልፍም” የሚል ሰው ከመቶ ዘጠና አምስትና ዘጠና ሰባት ያህል ጊዜ ልክ ይሆናል። ነቢይ መሆን ይህን ያህል ቀሎ አያውቅም! ነገር ግን በኩራዝ ብርሃን ለምታጠና እኅት ይህን መናገር እውነትን መናገር ነውን? ቁጥሩ ስለ ብዙዎች እውነት ይናገራል፤ ስለ እሷ ግን ገና ምንም አልተናገረም።

በእኛ በአማኞች ዘንድ ደግሞ ተቃራኒው ስሕተት አለ። “በእምነት እናገራለሁ፣ ታሸንፋለህ! ታልፊያለሽ!” እንላለን። ይህ ፍቅር ይመስላል፤ እርሱም ግን ከሩጫው በፊት የሚሰጥ ፍርድ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ልጅቷ ሳይሳካላት ሲቀር ሁለት ሸክም ይወድቅባታል፤ አንዱ ፈተናው፣ ሌላው “እምነትሽ ጎድሎ ነው” የሚለው ሹክሹክታ። እግዚአብሔር ያልተናገረውን በእሱ ስም መናገር “አትችልም” ከማለት የበለጠ ደፋር ነው፤ ያኛው በራሱ ስም ይናገራልና።

ታዲያ ዝም እንበል? አይደለም። ሦስት ቦታ ብቻ ሲኖር አራተኛውን ማስቀረት ግድ ነው፤ ያለ ምዘና ቡድን አይመረጥም፣ ተማሪም አይመከርም። በ1ኛ ሳሙኤል 16 እንደምናነበው ነቢዩም ከእሴይ ልጆች አንዱን መምረጥ ነበረበት። በኤልያብ ቁመት ተማርኮ “ይህ ነው” ብሎ አስቦ ነበር። የሚገርመው ግን መሳሳቱ አይደለም፤ ሲታረም እሺ ማለቱና “ሌላ ልጅ የለህም?” ብሎ መጠየቁ ነው። ያ ሌላው ልጅ በጎች ሲጠብቅ ነበር፤ አባቱም እንኳ አልጠራውም። የእኛ ደጋ ልጆች በጎች ሲጠብቁ የሚውል ልጅ እንዴት እንደሚረሳ ያውቃሉ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ቢል ኖሮ ሳሙኤል ዘይቱን በኤልያብ ላይ አፍስሶ ይመለስ ነበር።

እንግዲህ መመዘኛችን ይህ ይሁን። ስለ ሰው ከመገመታችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ፦ ተሳስቼ ብገኝ ደስ ይለኛል? “ታምራት ከተጠባባቂነት ተነሥቶ አያሸንፍም” ብሎ የገመተ፣ ነሐሴ 4 ቀን ግን ዘሎ የጨፈረ ሰው ምንም አላጠፋም፤ ግምቱ ለሰውየው ቦታ ትቶለት ነበር። አሸናፊውን አይቶ የተከፋ፣ ወይም “ዕድል ነው” ብሎ ያጣጣለ ግን አስቀድሞ የሚወደው ሯጩን ሳይሆን የራሱን ቃል ነበር። ደስ የማይለን ከሆነ ንግግራችን ምዘና መሆኑ ቀርቶ ፍርድ ሆኗል ማለት ነው።

በ2020 ዓ.ም. የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ሲቃረብ ክርክሩ እንደገና ይደራል። ወጣቶች፣ ተከራከሩ። ሰዓቱን ጥቀሱ፣ ዳገቱን አስሉ፣ “ይከብደዋል” ስትሉም አትፍሩ። ነገር ግን ስሙ ያልተነሣው በዚያው ሰዓት እየሮጠ መሆኑን አትርሱ። እናንተ ስትከራከሩ ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ ደብተሩን ታቅፎ፣ ስለ ሰው እንዴት እንደምትናገሩ የሚያዳምጥ ታናሽ ወንድም መኖሩንም አትርሱ።